የመስመሩ ሰውዬና የአለነ በቅሎ

ጎንደር፣ ቀሐ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ፋንታሁን፣

የላይኛው ጌታ ከነቤትዎ ከነከብትዎ ጤናውን ያብዛልዎ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው ጭንቅላቴ ብቻ ነው። የባለቤትዎን የእቴ የትነበርሽን ጉልበት ስማለች ይበሉልኝ።

ስልኩ ወደ እናንተ አልሠራ ካለ ወራት ስላለፉ ይህን ደብዳቤ በህሩይ አይሱዙ ልኬዋለሁ። ድንች ሊጭን ጓሳ ሜዳ ሲወጣ ያደርስልኛል፤ ሲመለስም የእርስዎን ይዞልኝ ይመጣል።

የምጽፈው ለወሬ ብቻ አይደለም። ሰኔ ላይ የመውጫ ፈተና አለብኝ። ስነ ልቦና ተምሬ ተምሬ ይህን ካላለፍኩ ዲግሪው የለም። ከሁሉም የከበደኝ ማኅበራዊ ስነ ልቦና የሚባለው ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን እንዴት እንደሚያስብ የሚያጠና ትምህርት ነው። ሐሳቡስ ይገባኛል፤ የሚያምታታኝ የተመራማሪዎቹ ስም ነው። የሚልግራምን ለዚምባርዶ፣ የዚምባርዶን ለሼሪፍ እየሰጠሁ ተቸገርኩ። መምህራችን ደግሞ «ያነበባችሁትን ለአንድ ገበሬ አስረዱ፤ እሱ ካልገባው እናንተም አልገባችሁም» አለን። እኔ የማውቀው ገበሬ እርስዎ ነዎት። የእናቴ አያትና የእርስዎ እናት እህትማማቾች ስለሆኑ እምቢ አይሉኝም። ሀሁን ያስቆጠሩኝም እርስዎ ነዎት፤ የጀመሩትን ይጨርሱ።

እንግዲህ አንደኛው ሰሎሞን አሽ ይባላል። ሰዎችን በአንድ ክፍል ደርድሮ አስቀመጠና አንድ መስመር አሳያቸው። ከጎኑ ደግሞ ሦስት መስመሮች አሉ። «ከሦስቱ ከዚህ ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው?» ብሎ በየተራ ጠየቃቸው። መልሱ ለሕፃን እንኳ ግልጽ ነው። ነገር ግን ቀድመው የሚመልሱት ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ይናገራሉ። መጨረሻ አካባቢ የተቀመጠው ሰው ተራው ሲደርስ ዓይኑ የሚያየውን ትቶ እነሱ ያሉትን ይላል። ሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸንፈዋል።

ሁለተኛ፣ ዳርሊና ላታኔ። ሰው ሲቸገር የሚያየው ሰው በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ «ሌላው ይደርስለታል» እያለ ዝም ይላል ይላሉ።

እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አለ? ምሳሌ ይላኩልኝ። ስሙን በእርስዎ ምሳሌ አስሬ እይዘዋለሁ።

የልጅ ልጅዎ ማለት ይቻላል፣
አዜብ

✦

ጓሳ ሜዳ
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዜብ፣

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጾሙም ገብቷል፣ ብርዱም አልለቀቀንም።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ክንዴን ዘርግቼ፣ ቀጥሎ ክንዴ አልበቃ ቢለኝ የትነበርሽን ፈንጠር ብላ እንድትይዝልኝ አድርጌ። የሩቁን እንደ ጭልፊት አያለሁ። ከአፋፉ ሆኜ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን ሰው በአረማመዱ እለየዋለሁ። የከዳኝ የቅርቡ ነው። መነጽር ብትልኪልኝ ሸጋ ነበር።

ይህ አሽ የምትይው የማን ልጅ ነው? ሰሎሞን ማለቱስ ሸጋ ስም ነው፤ አሽ የሚባል አባት ግን ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሰብስቦ አጭሩን ረጅም አሰኝቶ ምን አተረፈ? እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እኛ ያየነውን ነው የምንናገር። መሬት ስንለካ አንዲት ክንድ ብታጎድይ ጎረቤትሽ ዱላውን ይዞ ነው የሚወጣው። አሽ ወደዚህ ቢመጣ መስመሩን ይዞ በመጣበት ይመለስ ነበር።

ዳርሊና ላታኔስ ባልና ሚስት ናቸው? ለእነሱ ምሳሌ አለኝ፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል አገራችን። ሰው ከበዛ ሸክም ይቀላል ማለት ነው። ያንቺ ሰዎች ግን ሃምሳው ሰው ከቦ እያየው ሎሚውን አንድም የሚያነሳ የለም እያሉ ነው። ታዲያ ማንኛችን ነን የተሳሳትን? እኔ ግራ ገባኝ።

የሰፈሩን ወሬ ከፈለግሽ፣ የአለነ በቅሎ ተሰርቃለች። ያቺ አንድ ጆሮዋ ነጭ የሆነችው። አለነ እንደ ሰው አለቀሰላት። በሚመጣው እሑድ ከኮሶው ዛፍ ስር አውጫጭ ተጠርቷል፤ አገሩ በሙሉ ተቀምጦ ሌባውን ሳያወጣ አይነሳም።

መነጽሩን አትርሺ።

አያ ፋንታሁን

✦

ጎንደር፣ ቀሐ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ፋንታሁን፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

መነጽሩን ከፒያሳ ገዝቼ ለህሩይ ሰጥቼዋለሁ። ለቅርብ ማያ ነው፤ አድርገውት ወደ ሩቅ እንዳያዩበት፣ ያዞርዎታል።

ዳርሊና ላታኔ ባልና ሚስት አይደሉም፤ ሁለቱም ወንዶች ናቸው። በሎሚው ግን በጣም ነው የሳቅኩት። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼም አሁን «የሎሚዎቹ ሰዎች» ነው የሚሏቸው። ችግሩ እኔ ከዚያ ወዲህ ስማቸውን ትቼ ሎሚውን ብቻ ማስታወሴ ነው።

ዛሬ ሦስተኛውን ልጻፍልዎ። ኦልፖርትና ፖስትማን ስለ አሉባልታ ያጠኑ ናቸው። አንድ ሰው ሥዕል ያይና ላላየው ይነግረዋል፤ ያ ለሌላ፣ ሌላውም ለሌላ። ወሬው መጨረሻ ሲደርስ ብዙው ነገር ረግፎ ጥቂቱ ብቻ ይቀራል፤ የቀረው ግን እየተሳለ፣ እየገነነ ይሄዳል። የጎደለውንም እያንዳንዱ ቀድሞ በልቡ በያዘው ይሞላዋል። እኛ «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» እንደምንለው ሳይሆን አይቀርም። ነው ወይስ አይደለም? እኔም ግራ ገብቶኛል።

አውጫጩን ይጻፉልኝ፤ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ማን ምን እንዳለ። ለአሽ ምሳሌ የሚሆን ይመስለኛል። እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ከሩቅ ከማየቴ በቀር ወጉን አላውቀውም።

አዜብ

✦

ጓሳ ሜዳ
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዜብ፣

እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

መነጽሩ ደረሰኝ። ፊደሉ ሁሉ ጥጃ አክሏል። ተባረኪ።

ስለ አውጫጭ ጠይቀሻል። ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ ከኮሶው ስር ይቀመጣል። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል። ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም ብሎ ማለፍ የለም፤ እንዲያ ያለ እሱ ራሱ ይጠረጠራል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ይዞ ነው የሚመጣ።

ሁሉም በየተራው ተናገረ። ሁሉም ዳኛው የሚባለውን ሰው ስም አወጡ። አንዱ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ታይቷል አለ። አንዱ ሲመሽ ነው አለ። አንዱ ይቻኮል ነበር አለ። አንዷ ገመድ ይዟል አለች። ከዚያ በኋላ የነበረው ደግሞ ከገመዱ ጫፍ በቅሎ ነበረች፣ ጆሮዋም ነጭ ነው አለ። በመጨረሻ እንደ ወጉ የመዝጊያውን ቃል ለእኔ ሰጡኝ፤ ታላቅ ነኝና። እኔም «አገር ያየውን አይቻለሁ» ብዬ መርቄ ዘጋሁት።

ዳኛውን አታውቂውም። ቆላ ሰሊጥ ሥራ ከርሞ አምና የተመለሰ ነው። እናትና አባቱ ሞተዋል። ከወንዙ ማዶ ብቻውን ነው የሚኖር። ወይ በቅሎዋን ያምጣ፣ ወይ ካሳዋን ያቅርብ ተብሎ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቀን ተሰጥቶታል። ያለዚያ እሳትም ውሃም አይሰጠውም፤ ቢሞት የሚቀብረው የለም። እሱ ከመሐል ቁጭ ብሎ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲናገሩም ሲጨርሱም እኔን ብቻ ነበር የሚያየኝ። ምነው እኔን አየኝ?

አሁን የምጠይቅሽን ለማንም እንዳትነግሪ። ያን ማታ ዳኛውን ከአፋፉ ሆኜ አይቼዋለሁ። በቅሎ ነበረችን? በማግሥቱ ብትጠይቂኝ አላየሁም እልሽ ነበር መሰለኝ። ዛሬ ግን ዓይኔን ስጨፍን በቅሎዋ ከነነጭ ጆሮዋ ትመጣለች። የመስመሩ ሰውዬ መጨረሻ ያስቀመጠው ሰው እውነት መስመሩ አጥሮ ታይቶት ነው ወይስ አፉ ብቻ ነው ያለው? ይህን ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አትላኪ።

አያ ፋንታሁን

✦

ጎንደር፣ ቀሐ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ፋንታሁን፣

ሰላምዎ ይብዛ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ ጥናቱ አልገባልኝም። ጥያቄዎን ለመምህራችን የማንም ስም ሳልጠራ አቀረብኩት። አሽ ራሱ ጠይቋቸዋል አለኝ። አብዛኞቹ ትክክለኛው እየታያቸው ከሰው ላለመለየት ነው የተሳሳቱት። ጥቂቶቹ ደግሞ «እነሱ ይህን ያህል ሆነው አይሳሳቱም፤ ዓይኔ ነው» ብለው ራሳቸውን ጠርጥረዋል። በእውነት አጥሮ የታያቸውም አልጠፉም፤ እነሱ ግን በጣም ጥቂት ናቸው። እርስዎ ከየትኞቹ ይሆኑ? እኔ አላውቅም፤ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅም የለም።

አንድ ያልጻፍኩልዎ ነገር አለ። ቀድመው የመለሱት ሁሉ የአሽ ሰዎች ነበሩ፤ ስህተቱን እንዲናገሩ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። የማያውቀው መጨረሻ አካባቢ ያለው ሰው ብቻ ነው። ደግሞም ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ከተናገረ የዚያ ሰውዬ አንደበት ይፈታል።

አያ፣ ያ አንድ ሰው እርስዎ ይሁኑ። ሰውዬው እሳትና ውሃ ሊከለከል ነው። በቅሎ ካላዩ በቅሎ አላየሁም ይበሏቸው።

አዜብ

✦

ጓሳ ሜዳ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዜብ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። እኛን ግን በዓሉ በጤና አላለፈንም።

የሆሣዕና ዕለት ቅዳሴ አልቆ ሰው ከደጀ ሰላሙ ሲወጣ ቆሜ ጠየቅኋቸው። «እናንተ ሰዎች፣ ይህን ቃል አስቀድሞ ያስጠናችሁ ማነው? ከመካከላችሁ አሹ ማነው?» አልኳቸው። እንዳንቺ አባባል አንድ ያሰለጠናቸው ሰው መኖር አለበት። ከአለነ ጋር ተማክራችኋል አልኩ። አለነ ጋቢውን ጥሎ ተነሳ። «እኔ ልሙት አያ፣ በቅሎዬን አጥቼ ሰው አማክሬ ሰው ልበድል?» ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አይለኝም። የቀሩትም መነጽሩ ነው ያዞረው እያሉ ይሳሳቃሉ።

ቤት ስገባ የትነበርሽ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «አንቱ ሰው፣ ምነው አረጁ? ማን ያስጠናናል? እኛማ ከአንቱ አፍ ነው የሰማነው» አለችኝ። ይህች ደግሞ የምትለውን አታውቅም። እኔ የመጨረሻውን ቃል ነው የተናገርኩ፤ ሁሉም ከተናገሩ በኋላ። እንዴት ብለው ነው ከእኔ የሚሰሙት? ሴትዮዋ ስታኮርፍ የፊቱን የኋላ ታደርገዋለች።

ያንቺ ትምህርት አጣላኝ እንጂ አላስታረቀኝም። ያስጠናቸው ሰው ከሌለ ያ ሁሉ ሰው እንዴት አንድ ነገር ተናገረ? ከሰማይ ወረደላቸው? ዳኛው ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። የተሰጠው ቀን ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ደርሷል። እኔም ደጃፉ ድረስ ሄጄ ሳልገባ ተመለስኩ።

አያ ፋንታሁን

✦

ጎንደር፣ ቀሐ
ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አያ ፋንታሁን፣

ይቅር ይበሉኝ። ፈተናዬን እያሰብኩ የአሽን መስመር ጓሳ ሜዳ ላይ ልዘረጋ ፈለግኩ። ያስጠናቸው ሰው የለም። አሽ በክፍሉ ያደረገውን ሰው እርስ በርሱ ሳያስበው ሊያደርገው ይችላል፤ አንዱ አንዱን እየሰማ፣ እያንዳንዱ የፊተኛው ያውቃል ብሎ። ይህ የወሬዎቹ ሰዎች፣ የኦልፖርትና የፖስትማን ነገር ነው። ምሳሌውን በተሳሳተ ስም አስሬው ነበር።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ እንዳይቆጡኝ። ልጅ ሆኜ ከሩቅ ሳየው፣ አውጫጩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሳው ጋቢውን አጣፍቶ በዕድሜ የገፋው ሰው ነበር። እርስዎ ታላቅ ስለሆኑ የመዝጊያውን ቃል ሰጡኝ ብለውኛል። የመክፈቻውንስ ለማን ሰጡት? ማንም ሳይናገር በፊት የተናገረው ማነው? ምን ብሎ?

ህሩይ ነገ ማለዳ ይነሳል። ባይመልሱልኝም ለራስዎ ይመልሱት።

አዜብ

✦

ጓሳ ሜዳ
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዜብ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የቆየሁት ታምሜ አይደለም። ህሩይ ሁለት ጊዜ መጥቶ መልስ ቢለኝ የለኝም ብዬ መልሼዋለሁ።

የመክፈቻው ቃል የእኔ ነበር። እንደ ወጉ ከታላቅ ነው የሚጀመር፤ የሚዘጋውም በዚያው ሰው ነው። ይህን እንዴት እንደረሳሁት አታውቂም፤ እኔም አላውቅም። ምንም አላየሁም ማለት ነውር ስለሆነ ያየሁትን አንዲት ነገር ተናገርኩ። «ማታ ዳኛውን ወደ ዛሪማ ሲወርድ አይቼዋለሁ» አልኩ። ይኸው ነው። በቅሎም ገመድም አላልኩም። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ይህን ይዞ አለፈ፣ ያም ያም እየጨመረ። ዞሮ እኔው ጋ ሲመለስ በቅሎ ሆኖ መጣ። እኔም የራሴን ልጅ እንደ እንግዳ ተቀበልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። አፈርኩ ልጄ፤ በዚህ ዕድሜዬ አፈርኩ።

አፋፉ ላይ ቆሜ ያን ማታ እንደገና ላየው ሞከርኩ። በቅሎዋ አሁንም ትመጣለች፤ አትሄድልኝም። ግን ሌላም ነገር መጣ። አረማመዱ ጎበጥ ያለ ነበር፤ በትከሻው ስልቻ ተሸክሟል። በቅሎ የሚጎትት ሰው ስልቻ በትከሻው ይሸከማል? ቤት ገብቼ ይህን ለየትነበርሽ ተናግሬ ሳልጨርስ «በሉ ተነሱ፣ ሰዉን ጥሩ» አለችኝ።

አውጫጩን እንደገና አስጠራሁ። ሰዎቹ ወጉ አይደለም ብለው ቢንጫጩም፣ ዛሬ ከታናሽ ይጀመር አልኩ። ምንም አላየሁም ማለትም አያስጠረጥርም አልኩ። የመጀመሪያዋ ልጅ አላየሁም አለች። ሁለተኛው አላየሁም አለ። ያ ሁሉ ሰው አላየሁም እያለ እኔ ጋ ደረሰ። ያ ሁሉ ገመድ የት ገባ? እኔም ስልቻውን ተናገርኩ፤ የመጀመሪያውም ቃል የእኔ እንደነበረ ተናገርኩ። አለነ አንገቱን ደፍቶ መጥቶ ሰላም አለኝ። በቅሎዋን ማን እንደወሰዳት ግን እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ዳኛው ግን የለም። የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ቤቱን ዘግቶ ሄዷል። ለካ አንዳንዱ «ባይሰርቅ ምን አስሸሸው?» እያለ ነበር። ሌባ አልነው፤ ሸሸ፤ ሲሸሽ ሌባ ሆነ። ለዚህም ስም ያወጣለት ፈረንጅ አይጠፋም።

ህሩይ «ዳኛውን ጎንደር አጠገብ፣ ጠዳ ላይ የቀን ሥራ ሲሠራ ያየሁት መሰለኝ» ብሎኛል። ፈተናሽን ከጨረስሽ በኋላ ፈልጊው። የጻፍኩትን አንብቢለት። ሌላ የምጠይቅሽ የለኝም።

አያ ፋንታሁን

✦

ጎንደር፣ ቀሐ
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አያ ፋንታሁን፣

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ፈተናውን ጨርሻለሁ፤ ውጤቱ ገና ነው። የአሽ ጥያቄ መጣልኝ። ከአራቱ ምርጫዎች ውስጥ የእርስዎን ስም ስፈልግ ቆየሁ፤ የለም። «ሌባ አልነው፤ ሸሸ» ላሉትም ስም ያወጣለት አለ፤ ሮበርት ሜርተን ይባላል። እሱንም ጠይቀውኛል። ይህ እንኳ አልተምታታብኝም፤ ዳኛው ብዬ ነው የያዝኩት።

ትናንት ጠዳ ሄድኩ። ከሚሠራ ሕንፃ ሥር ብሎኬት ሲያወርድ አገኘሁት። ከጓሳ ሜዳ ነኝ ስለው ደነገጠ፤ የእርስዎ ዘመድ ነኝ ስለው ግን ብሎኬቱን አስቀምጦ ቁጭ አለ። ደብዳቤዎን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። የስልቻው ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

«ገብስ ነበር፤ ለዛሪማ ገበያ» አለኝ። «ከአፋፉ ሆነው እጃቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ። እኔም ስልቻዬን አውርጄ እጅ ነሳኋቸው። ይህን ረስተውታል?»

ቀጠለም።

«አውጫጩ ሲጠራ አልፈራሁም ነበር። አያ ፋንታሁን ከነስልቻዬ አይተውኛል፣ የሚከፍቱትም እሳቸው ናቸው ብዬ ነው ተማምኜ የተቀመጥኩ። ሌላው የፈለገውን ሲል እሳቸውን አያለሁ። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ እያልኩ።»

አያ፣ እዚያው ብሎኬቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ ነው ያጽናናኝ።

ብዙ ካንገራገረ በኋላ እሺ ብሏል። ቅዳሜ በህሩይ መኪና ይመጣል። ሰው ሁሉ መንገዱ ዳር ቆሞ ማን ምን እንደሚያደርግ እርስ በርሱ እየተያየ ነው የሚጠብቀው። መነጽሩን አውልቀው ቀድመው ይውጡ። ሰላምታውን እርስዎ ይጀምሩት፤ ሌላው ይከተላል።

አዜብ